ከእልልታው በፊት ናርካኑ የት አለ?

«ልጁ ተፈታ እኮ! ከእንግዲህ ምን ያሰጋዋል?» አሉ ጋሼ ስኒያቸውን እያስቀመጡ።

«መፈታቱ» አልኳቸው።

ቡና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የተረበኛ ዕዳው ይሄ ነው፤ እውነት ሲናገርም ይሳቅለታል። እኔ ግን አልቀለድኩም። እኛው የምንኖርበት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ተመራማሪዎች ከእስር የወጡ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን ዱካ ተከትለው ያገኙትን በ2007 አወጡት (ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ ሲያትል ላይ የቤት ኪራይም የሚቆጠረው በነሱ ነው)። ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በኦቨርዶዝ (ከልክ ባለፈ ዕፅ) የመሞት ዕድላቸው ከሌላው የግዛቱ ነዋሪ 129 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ! ለጋሼ ብነግራቸው «እሱ የፈረንጆቹ ነው፣ የኛን ልጆች አይጨምርም» አሉ። አዎ ጋሼ፣ ሞት በር ላይ ቆሞ መታወቂያ ያያል፤ ሐበሻ ከሆነ ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል።

እንግዲህ ሰሞኑን በየቡና ቤቱና በየልቅሶ ቤቱ የሰማሁትን እየለቀምኩ መልስ ልሰጥበት ነው። ቅር የሚለው ካለ ቡናዬን ይክፈልልኝና ይውቀሰኝ።

«እስር ቤት ገብቶ ጸድቷል» የሚሉ አሉ። ምነው፣ ላውንደሪ ነው እንዴ የገባው? ጸድቷል ማለት ሰውነቱ ዕፁን ረስቷል ማለት ከሆነ እውነት ነው፤ የሚገድለውም እሱው ነው። ሄሮይንና ዘመዶቹን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ይለምዳቸዋል። አምና ያሰከረው ልክ ዘንድሮ አይነካውም፤ ይጨምራል፣ ደግሞ ይጨምራል። ጥቂት ሳምንታት ሲያቋርጥ ግን ያ ልማድ ከሰውነቱ ይለቃል። አምሮቱ አይለቅም። ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው የድሮው ልክ ነው። ወጥቶ የድሮውን ልክ የወሰደ ዕለት አንጎሉ «ተንፍስ» ማለቱን ይተዋል። ጩኸት የለ፣ መንፈራገጥ የለ። ጉሮሮው ውስጥ ውኃ እንዳለ ሰው ያንኮራፋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ማንኮራፋቱም ይቆማል። «ልጄ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ነው፣ ይተኛ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ የምትዘጋው እናቱ ናት።

ይህን ነገር አናውቅም እንዳንል ሁዳዴን 55 ቀን የምንጾም ሰዎች ነን። የፋሲካ ሌሊት በባዶ አንጀት ዶሮ ወጡ ላይ እንዳንወድቅ ተልባ በጥብጠው ያጠጡናል። ለአንጀት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ወገን፣ ሁለት ዓመት ታስሮ ለወጣ ልጅ ምን አዘጋጀ? ምክር! «ከእንግዲህ ሰው ሁን።» ተልባውስ?

በዚያ ላይ ገበያው እሱን ቆሞ አልጠበቀውም። ሄሮይን ትቶ የታሰረ ሰው ሲወጣ የሚያገኘው ፌንታኒል ነው፤ ከሄሮይን 50 እጥፍ የሚበረታ። የፋርማሲ ክኒን መስሎ፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ይሸጣል። አንዱ ክኒን ውስጥ ስንት እንዳለ ገዢውም አያውቅ፣ ሻጩም አያውቅ፣ የሠራውም አያውቅ። የሚያውቀው አስከሬን መርማሪው ብቻ ነው፤ እሱም ዘግይቶ።

«ሜታዶን ሱስን በሱስ መተካት ነው» ሲሉኝ ጋሼ የደም ግፊት ክኒናቸውን በቡና እያወራረዱ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ክኒን መውሰድ ከጀመሩ ቆየ?»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይተዉትም?»

«ብተወው አንዱን ቀን ክልትው ነው የምለው!»

«በሉ ያችኑ ፍርድ ለልጁም ይፍረዱለት።»

ሜታዶን ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። ዶክተር ቪንሰንት ዶልና ዶክተር ማሪ ናይስዋንደር ኒው ዮርክ ላይ ለሄሮይን ሱሰኞች መስጠት የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው፤ ጋሼ ገና አገር ቤት ኳስ ሲጫወቱ። ቡፕረኖርፊን ደግሞ ለዚሁ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ በ2002 ተፈቀደ። ሁለቱም አምሮቱን ያስታግሳሉ፣ ሰውነቱም ልማዱን ጨርሶ እንዳይረሳ ያደርጋሉ፤ ቢሳሳት እንኳ የመትረፍ ዕድል አለው። ግን ስንቱ እስር ቤት ነው ሰውየው ሲገባ ከቀበቶውና ከጫማ ማሰሪያው ጋር መድኃኒቱንም የሚቀማው! ቀበቶው ሲወጣ ይመለስለታል። በ2018 ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ሰው ሊታሰር ሲል ሜታዶኑ እንዳይቋረጥበት የካውንቲውን እስር ቤት ፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ መክሰስ ነበረበት፤ ዳኛዋ ፈረዱለት። ሐኪም ያዘዘውን ለመዋጥ ጠበቃ የሚቀጥር በሽተኛ የት አገር ታይቷል?

ሮድ አይላንድ ግን ጠበቃ አልጠበቀችም። የአሜሪካ ትንሿ ግዛት ናት፤ በመኪና ስታቋርጣት ቡናህ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች። በ2016 በእስር ቤቶቿ ለሚያስፈልገው እስረኛ ሁሉ የሱስ መድኃኒቶቹን ማቅረብ ጀመረች፤ ሲወጣም ውጭ ካለው ክሊኒክ ጋር አገናኝታ ትሸኘዋለች። በ2016 የመጀመሪያ ስድስት ወራት በኦቨርዶዝ ከሞቱት መካከል በቅርቡ ከእስር የወጡት 26 ነበሩ። በ2017 በነዚያው ወራት 9 ሆኑ።

«ይኸው ነው? 17 ሰው ብቻ?» አለ ከጎናችን የነበረው ታክሲ ነጂ።

«አንተ ቤት ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?»

«አምስት።»

«እንግዲህ የናንተን ቤትና ግራ ቀኝ ያሉትን ሁለቱን ባዶ አድርጋቸው፤ ገና ሁለት ሰው ይቀርሃል።»

ዝም አለ። ታክሲ ነጂ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

«ሲወጣ መንግሥት መቋቋሚያ ይሰጠው የለ?» ይሰጠዋል እንጂ! ካሊፎርኒያ 200 ዶላር ትሰጣለች፤ ልኩ የተቆረጠው በ1973 ነው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ ጃንሆይ ነበሩ። እንግሊዝ ትብሳለች። ከ1995 እስከ 2021 ለሚፈታ እስረኛ የምትሰጠው 46 ፓውንድ ነበር፤ እስረኛው ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል፣ ገንዘቡ ግን ንቅንቅ የለም። 26 ዓመት ታስሮ በአመክሮ 76 ሆኖ ወጣ።

«ዓርብ መፈታቱ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜና እሁድን ከቤተሰቡ ጋር ይጫወታል» ያሉኝ ደግሞ አንዲት እትዬ ናቸው። እትዬ፣ ዓርብ ከሰዓት የወጣ ሰው እኮ የቤት ጉዳይ ቢሮው ጋ ሲደርስ ተዘግቷል፤ ክሊኒኩ «ሰኞ ይምጡ» ብሎታል፤ ፋርማሲው ወረቀቱ አልደረሰኝም ይለዋል። ዓርብ ማታ የማይዘጋ፣ ወረቀት የማይጠይቅ፣ ቀጠሮ የማያስፈልገው አንድ ነጋዴ ብቻ ነው። እሱም ስልክ ቁጥሩን አልቀየረም። እንግሊዞች ይህ ሲገባቸው በ2023 ሕግ አወጡ፤ መፈቻ ቀኑ ዓርብ ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ የሚውልበትን ሰው እስከ ሁለት የሥራ ቀን አስቀድሞ መፍታት ተፈቀደ። ከዓርብ ቀጥሎ ቅዳሜ እንደሚመጣ ለመረዳት ፓርላማ መሰብሰብ ነበረበት።

«የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድ አለው፣ ይታከማል።» ሜዲኬይዱም አብሮት ታስሯል! ከ1965 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ እስረኛ ሆስፒታል ካልተኛ በቀር ለሕክምናው አልከፍልም ይላል። ስለዚህ ሰውየው በአንድ በር ሲወጣ ኢንሹራንሱ ገና ፎርም እየሞላ ነው። ካሊፎርኒያ በጥር 2023 እስረኛው ከመፈታቱ 90 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰነ ሕክምና በሜዲኬይድ እንዲሸፈን በማስፈቀድ የመጀመሪያዋ ሆነች፤ የኛም ዋሽንግተን በዚያው ዓመት ተከተለች። ተመስገን ነው። ግን የተፈቀደ ነገር ሁሉ የእስር ቤቱ መስኮት ላይ ደርሷል ማለት አይደለም፤ ጠይቁ፣ ጨቅጭቁ። ለቪዛ ጉዳይ ኤምባሲ ደጃፍ የምናድር ሰዎች ጭቅጭቅ ሊያስተምሩን አይገባም።

አሁን ወደ ናርካን። «ናርካን ማደል ሱሰኛን ማበረታታት ነው» ይላል አንዱ፤ ናርካን አይቶ አያውቅም። ወንድሜ፣ ናርካን ማለት አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ናሎክሶን ነው፤ አንጎል ላይ የተቀመጠውን ዕፅ ገፍቶ ቦታውን ይይዝበታል። ሰውየው ሲነቃ የሚሰማው ደስታ አይደለም። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ «ለምን ቀሰቀሳችሁኝ» ብሎ ይሰድብሃል። ይህን ተስፋ አድርጎ ዕፅ የሚወስድ ሰው ካገኘህ አምጣው፣ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

ስኮትላንድ በ2011 በአገር ደረጃ ናሎክሶን ማደል ስትጀምር፣ ከእስር ለሚወጣው ሰው በሩ ላይ መስጠትን አንዱ ሥራዋ አደረገች። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በኦፒዮይድ (በሄሮይንና በዘመዶቹ) ከሞቱት 9.8 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት ከእስር በወጡ በ4 ሳምንት ውስጥ ነበር፤ በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት 6.3 በመቶ ሆነ። ይህን ብዬ ስኮትላንድ ዳነች አልላችሁም፤ በ2024ም በዕፅ ምክንያት ከ1 ሺህ በላይ ሰው ቀብራለች። ናርካን ሞትን ያቋርጣል እንጂ ሱስን አያክምም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ስታገኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የማይፈልግ ነው።

«እሺ፣ ለራሱ ስጡትና በኪሱ ይያዝ!» ይሄ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ ነው። ራሱን የሳተ ሰው በምን እጁ ነው የሚረጨው? እንግሊዝ ውስጥ ለሚፈቱ እስረኞች ናሎክሶን ሰጥተው ውጤቱን ሊያጠኑ የተነሱ ሰዎች ጥናቱን በ2014 አቋረጡት፤ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ያወጣው ሌላ ሰው ለማዳን ሆኖ በመገኘቱ ነው። ሱሰኛ ብላችሁ የምትሸሹት ሰው የሰው ነፍስ ሲያተርፍ፣ የሱን ነፍስ የሚያተርፍለት ጎረቤት ይፈለጋል። የሱ ናርካን መቀመጥ ያለበት በናንተ ኪስ፣ በናንተ ቦርሳ፣ በናንተ ኩሽና ነው።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሥልጠና ነበር። ከአርባ ወንበር ሰባቱ ተይዟል፤ ለምሳው ግን መቶ ሰው ተሰልፏል። ነርሷ የላስቲክ ጭንቅላት ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ታሳያለች። ከፊት የተቀመጡት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረብ አሉና «በአፍንጫ ነው? ሱረት ነው እንዴ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። «አዎ እማማ፣ በአፍንጫ ነው። ሱረት ያስነጥሳል፣ ይሄ ያስተነፍሳል» አለቻቸው። ተረብ መመለስ እንዲህ ነው!

እማማ ሳጥኑን ከፍተው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ሊጫኑ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው፦ «ለመሞከር አይጫኑት፤ አንዱ መርጫ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።» ከዚያ በላስቲኩ ላይ አስጀመረቻቸው። ስሙን ጮኾ መጥራት። ካልመለሰ ደረቱ መሐል ያለውን አጥንት በጡጫ አንጓ አጥብቆ ማሸት። አሁንም ካልነቃ 911 መደወል። በጀርባው አስተኝቶ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ፣ መርጫውን አንዱ አፍንጫ ውስጥ እስከ መጨረሻው ማስገባት፣ አሁን መጫን። ካልተነፈሰ በአፍ ማስተንፈስ። ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ ማስተኛት። «ከነቃ በኋላስ ልሂድ?» አሉ እማማ። «የትም አይሂዱ፤ ናርካኑ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ዕፁ ሊያልፈው ይችላል።» «ልቡ ደክሞ ቢሆንስ የወደቀው፣ ይህን ረጭቼ ብገድለው?» «ኦፒዮይድ ያልወሰደን ሰው አይጎዳም እማማ፤ ከተጠራጠሩ ይርጩ።» እማማ ሁለት ሳጥን ቦርሳቸው ውስጥ ከዳቦው አጠገብ ከትተው ወጡ። ከተሰለፉት መቶ ሰዎች አንዱ «እማማም ጀመሩ እንዴ?» አለ። እሳቸውም ዞር ብለው «አዎ፣ አንተን ለመቀስቀስ» አሉት። በዚያ ቀን ጡረታ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«911 ብንደውል ፖሊስ ይመጣል» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ፖሊስ ካልመጣ ቄሱ ይመጣሉ። ዋሽንግተን ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ለኦቨርዶዝ እርዳታ የጠራውም የተጠራለትም ዕፅ በመያዝ እንዳይከሰሱ የሚከላከል ሕግ አለ። ሁሉን ክስ አይሸፍንም፤ በአመክሮ ያለ ሰው ጠበቃውን አስቀድሞ ቢጠይቅ ደግ ነው። ግን እስር ቤት ተመልሶ የገባ ልጅ ይጠየቃል፣ ስንቅ ይላክለታል። ከሌላው ቦታ የሚመለስ የለም።

የዚህ ሁሉ ሰበብ አባት ግን ይሉኝታ ነው። ልጁ ሲታሰር «ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሄደ» ተባለ። ሲፈታ «ለዕረፍት መጣ» ተባለ። በሁለተኛው ሳምንት ሲሞት «ልብ ድካም» ተባለ። ልብ ድካም! በ24 ዓመቱ! የዚህ ከተማ ሐበሻ ወጣት ልብ ምን ተሸክሞ ነው እንዲህ የሚደክመው? ስሙን ጠብቀንለት ነፍሱን ለቀቅናት፤ አሁን ስሙ ንጹሕ ነው፣ ባለቤት ብቻ ነው ያጣው። በዚያች ሌሊት አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ በጎ ፈንድ ሚ እናዋጣለን፤ ለዚህ ሲሆን ማንም አይቀድመንም። ናርካን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ሁለት መርጫ ያለው ሳጥን ያኔ 45 ዶላር ገደማ ነበር፣ በየጤና ቢሮውና በየበጎ አድራጎት ድርጅቱ ደግሞ በነጻ ይታደላል። ከነጻ በታች ዋጋ ስለሌለ ቅናሽ አትጠብቁ።

ልጅ፣ ወንድም፣ የእህት ልጅ ታስሮባችሁ የመፈቻው ቀን የቀረበ፣ ዛሬውኑ እስር ቤቱ ጋ ደውሉ። የሚፈታበትን ቀን ከነሰዓቱ ጠይቁ። ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን እየወሰደ ከሆነ እስከ ክሊኒኩ ቀን የሚያደርሰው እጁ ላይ ይሰጠው እንደሆነ፣ ካልጀመረም ከመውጣቱ በፊት መጀመር ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የክሊኒኩን ቀጠሮ ለወጣበት ቀን ወይም ለማግስቱ አስይዙ። በር ላይ ሄዳችሁ ተቀበሉት፤ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ብቻውን አታሳድሩት፣ የመታጠቢያ ቤቱንም በር ከውስጥ አይቆልፍ። ተመልሶ ከጀመረ ደብቆ ብቻውን ከሚወስድ ነግሯችሁ ቢቆጣችሁ ይሻላል፤ ይህንንም ከአፋችሁ ይስማው። ድግሱን ደግሱ፣ እልልታውንም አቅልጡት፣ ማንም አልከለከላችሁም። ናርካኑን ግን በቅድሚያ ግዙ፤ እንግዳው ሁሉ የት እንደተቀመጠ ይወቅ።